ቀይ ራስ ለጉቶ፣ ባዶ ራስ ለመንገድ

የጋሽ ወልዴን ሞት የነገረችኝ ልጃቸው ፀሐይ ናት። ስልኬ ሲጠራ ቦንጋ ገበያ ዳር ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሰው እስኪሞላ እየጠበቅኩ ነበር። አላለቀሰችም። አስተማሪ ስለሆነች ይሁን አላውቅም፣ ነገሩን በቅደም ተከተል ነው የነገረችኝ፤ ንጋት ላይ ማረፋቸውን፣ ቀብሩ በማግሥቱ በመንደራቸው በማንኪራ መሆኑን፣ የሩቅ ዘመድ እየመጣ መሆኑን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሽ ደምሴ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የሕይወት ታሪኩን እርስዎ ይጻፉልን፤ ቀብር ላይም እርስዎ ያንብቡት። የሥራውን ነገር ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

እሺ አልኳት። ሌላ ምን ልላት እችል ነበር?

የሟች የሕይወት ታሪክ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ተወለዱ፣ አገቡ፣ ወለዱ፣ ሠሩ፣ ታመሙ፣ ዐረፉ። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ገብቼ ስጽፍ ብዙውን ሳልቸገር ሞላሁት። እስክሪብቶዬ የቆመው «ከዩኒየኑ ሥራ የተሰናበቱት» የሚለው ላይ ስደርስ ነው። ከዚያ ቀጥዬ እውነቱን ከጻፍኩ የማፍረው እኔ ነኝ። ካልጻፍኩ ጋሽ ወልዴ የእኔን ጥፋት ተሸክመው መቃብር ይወርዳሉ። ነገሩ ይኸው ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት የፈራሁት መስመር ይኸው አንድ መስመር ነው።

ግን ሰውየውን ሳታውቁ ነገሩ አይገባችሁም።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ቦንጋ የመጣሁት የገበሬዎቹ ዩኒየን ንብረት ክፍል ተቀጥሬ ነው። ዩኒየኑ ሦስት ትራክተሮች፣ ማረሻና መከስከሻ፣ ቡና የሚጫንባቸው ሁለት ተሳቢዎች ነበሩት። የእነዚህ ሁሉ አለቃ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ረጅምና ቀጭን፣ ቀኝ ጆሯቸውን የትራክተር ጩኸት ያደከመው፣ ስለዚህም ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። የማያውቃቸው ሰው ይህን አይቶ ትሑት ናቸው ይላል። ትሑት አልነበሩም። አማርኛን ካደጉ በኋላ ስለተማሩት ንግግራቸው አጭር ነው። በአገራቸው ቋንቋ በካፊኖኖ ሲያወሩ ግን ረጅም ነበር፤ ዙሪያቸውን የተቀመጡት ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ አያለሁ። ምን እንዳሉ እጠይቅና «ተወው፣ አማርኛ ላይ ይሞታል» ይሉኛል። ያን ሁሉ ቀልድ ሳልሰማው ቀረሁ።

ሥራ በጀመርኩ ሳምንት ለተሳቢው ፒን ፈልገው መጡ። ፒን ማለት ትራክተሩንና ተሳቢውን የሚያያይዘው፣ ከላይ ወደ ታች በሁለቱም ቀዳዳ የሚያልፈው የብረት ዘንግ ነው። መሳቢያውን ፈትሼ አንድ ወፍራም ቡሎን ሰጠኋቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቡሎን ነው ጋሽ ወልዴ። ልክክ ብሎ ይገባል።»

«ገባ ማለት ያዘ ማለት አይደለም» አሉና ክንዴን ይዘው ወደ ግቢ አወጡኝ።

ልጅ ስለነበርኩና የቢሮ ሰው ነኝ ብዬ ስለማስብ ቅር አለኝ። እሳቸው ግን ቅሬታዬን ከቁብም አልቆጠሩት። ትራክተሩ ኋላ አንበረከኩኝና ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ እንድከት አደረጉ። «መጀመሪያ ቀዳዳውን ጠይቀው» አሉ። ፒኑ ከቀዳዳው ከቀጠነ መንገዱን ሙሉ ሲንገጫገጭ ይውላል፤ ቀዳዳውን እየቀጠቀጠ እንደ እንቁላል ሞላላ ያደርገዋል። ቡሎን ደግሞ ጥርስ አለው። ጥርሱ በእሳቸው ቋንቋ የብረቱ ቁስል ነው፤ መሰበር ያሰበ ቡሎን የሚጀምረው ከዚያ ነው። ርዝመቱ ከታች ሦስት ጣት ያህል ተርፎ መቆለፊያው ክሊፕ እንዲገባ መሆን አለበት። «ያልተቆለፈ ፒን እንግዳ ነው። ሲሄድ አይነግርህም።» በመጨረሻም የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በፒኑ ወገብ ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉት። ጥፍር የያዘው ፒን ተበልቷል፤ ይጣላል። ለዚሁ ብለው የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጥፍር አስረዝመው ነበር የሚይዙት፤ የቀሩትን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቱታቸውን ሲያጥቡ ይቆርጧቸዋል።

«ፒን የሚመረጠው ለሜዳ አይደለም፤ ለቁልቁለት ነው» ይሉ ነበር። ይህችን አባባል የማይከቱበት ነገር የለም። የዕድር ዳኛ ሲመረጥ አንዱን አፈ ጮሌ እያዩ «ለሜዳ ነው» ብለው ቁጭ አሉ። እኔ ላገባ ነው ብዬ የልጅቷን ፎቶግራፍ ሳሳያቸው ፎቶውን ወደ ብርሃን ዘወር አድርገው አዩትና «ቆንጆ ናት። ለቁልቁለት ጠይቀሃታል?» አሉኝ። አልጠየቅኳትም ነበር። እንደፈሩት በሦስተኛው ዓመት ጥላኝ ሄደች፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ነግሬህ ነበር አላሉኝም።

አንድ ጊዜ አንድ የቢሮ ኃላፊ ቡናው በአስቸኳይ ይነሣ ብሎ ግቢያችን ድረስ መጣ። የተሳቢው ፒን ተበልቶ አዲሱ ገና ቶርኖ ቤት እየተቀረጸ ነበር። ሰውየው የወደቀ ፌሮ አንሥቶ «ይሄን አጥፋችሁ ክተቱና ሂዱ፣ ለዛሬ ብቻ ነው» አለ። ጋሽ ወልዴ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት። «ቁልቁለቱ ለዛሬ ብቻ መሆኑን ያውቃል?» አሉት። ከዚያም የትራክተሩን ቁልፍ ኪሳቸው ከትተው ምሳቸውን ሊበሉ ሄዱ። ኃላፊው በንዴት ፊቱ ቀልቶ ቀረ። ቡናው በማግሥቱ ሄደ።

አሁን ወደዚያ ነገር ልምጣ።

ሺሺንዳ አካባቢ ዩኒየኑ የሚያርሰው ጉቶ የበዛበት መሬት ነበር። ማረሻው ጉቶ በመታ ቁጥር አንድ ነገሩ ይሰበራል። ጋሽ ወልዴ መላ ዘየዱ። ቶርኖ ቤት ሄደው ከለስላሳ ብረት፣ እንደ ተሳቢው ፒን በውፍረትም በርዝመትም እኩል የሆኑ ፒኖች አስቀረጹ። ማረሻው በእነዚህ ይታሰራል፤ ጉቶ ሲመታ ፒኑ ይሰበራል፣ ማረሻው ይተርፋል። «ይሄ እንዲሞት ነው የተሠራው» አሉኝ፣ አንዱን በመዳፋቸው ይዘው። «ለማረሻ ደግ ነው። ተሳቢ ላይ ከገባ ሰው ይገድላል።» ለግቢው በር ከተገዛው ቀለም የተረፈውን አምጥተው የለስላሶቹን ራስ ቀይ ቀቡ። ከዚያም እንደ አስኳላ ተማሪ አስቆሙኝ፤ «ቀይ ራስ ለጉቶ፣ ባዶ ራስ ለመንገድ። በል።» እየሳቅኩ አልኩ። «ሳትስቅ በል» አሉኝ። ሳልስቅ ደገምኩ።

ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ከበላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተባለ። እኔ ያን ጊዜ ንብረት ክፍሉ ሲታይ ሰው እንዲያደንቀኝ እፈልግ ነበር። የዛገውንና የቆሸሸውን ሁሉ በቤንዚን አጠብኩ፣ ግራሶ ቀባሁ፣ በውፍረት በውፍረቱ ለይቼ መሳቢያ ውስጥ ደረደርኩ። እኩል የሆነው ሁሉ አንድ ላይ ገባ። ቀዩ ቀለም በቤንዚን ሲለቅ አይቻለሁ። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። ጨርቄ ቀይ ሲሆን አይቼ «ጋሽ ወልዴ ሲመጡ ይለዩልኛል» ብዬ አሰብኩ። እሳቸው የእኅታቸው ለቅሶ ላይ፣ ማንኪራ ነበሩ። ጎብኚዎቹ መጡና ንጽሕናውን አደነቁ። እኔም ተደሰትኩ፣ ነገሩን ረሳሁት።

ጋሽ ወልዴ ከለቅሶው ሳይመለሱ ሙሉጌታ የሚባለው ሁለተኛው የትራክተር ነጂ መጣ። የተሳቢው ፒን ተበልቶበታል። መሳቢያውን ከፈትኩ፤ ፒኖቹ በግራሶ እያብለጨለጩ ተደርድረዋል። አንዱን አነሣሁ። ሙሉጌታ ቀዳዳው ውስጥ ከተተው፤ ልክክ ብሎ ገባ። ክሊፑንም አልረሳም።

ከሺሺንዳ ቡና ጭኖ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፒኑ ለሁለት ተሰበረ። ተሳቢው ብቻውን ወረደ። ከጆንያው ላይ የተቀመጠው ጫኝ ታደሰ መዝለል አልቻለም። የሦስት ልጆች አባት ነበር። ጧት ግቢያችን ውስጥ «ደምሴ፣ ክብሪት አለህ?» ብሎኝ ሰጥቼዋለሁ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። የተሰበረውን ፒን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ጋሽ ወልዴ የለቅሶ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጡ፤ ፒኑን አንሥተው ስብራቱን አዩ፤ ራሱንም አገላብጠው አዩት። በራሱ ጠርዝ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቀይ ቀለም ቀርታ ነበር። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አይደለም። እኔ ሲጠይቁኝ የምለውን እያሰብኩ ነበር።

አልጠየቁኝም። ጋሽ ወልዴ ቀድመው ተናገሩ። «ይሄን ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ። ለቅሶ ስሄድ ቸኩዬ ከመንገዱ ጋር የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። ንብረት ክፍል ያገኘውን ይሰጣል፤ ባለሙያ አይደለም።» የኮሚቴው ሊቀ መንበር «እርግጠኛ ነዎት?» አላቸው። «እርግጠኛ ነኝ» አሉ። ሙሉጌታ መሬት መሬት አየ። እኔም እንደዚያው።

በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበቱ። ቱታቸውን እያጠፉ ሳሉ ጋራዡ ውስጥ ብቻቸውን አገኘኋቸው። «ጋሽ ወልዴ፣ እኔ እኮ ነኝ...» ስል እጃቸውን አነሡ።

«ዝም በል። አንተ እዚህ ማን አለህ? እናትህ ደብረ ማርቆስ ናት። እኔ ይሄ አገሬ ነው፤ ይቆጡኛል፣ ይረግሙኛል፣ ቆይተው ይተዉታል። አንተን ማን ያስታርቅሃል?»

አንተን ማን ያስታርቅሃል። ይህን ሲሉኝ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። አለቀስኩም፤ ግን ልቅሶው የመዳን ልቅሶ ነበር።

በሚያዝያ ጋሽ ወልዴ ሽማግሌ ይዘው የታደሰ ሚስት እትዬ አስቴር ደጅ ሄዱ፣ ይቅርታ ሊለምኑ። ዝናብ ነበር። ሽማግሌዎቹ ጣራው ጥግ ተጠጉ፤ ጋሽ ወልዴ ግን ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። እኔም አብሬ ሄጄ ነበር፤ እንደ ሥራ ባልደረባ። አጥሩ ጋ ጃንጥላ ይዤ ቆምኩ። አንዱ ሽማግሌ «ምን ትቆማለህ፣ አስጠልላቸው እንጂ» ብሎኝ ጠጋ ስል ጋሽ ወልዴ ሳያዩኝ በእጃቸው መለሱኝ። ወደ አጥሩ ተመለስኩ። እትዬ አስቴር ቀትር ላይ ወጣች። «ይነሡ» አለቻቸው። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ግቡም አላለቻቸው።

ቆይተው ይተዉታል ያሉት ነገር አልሆነም። ማንም ፊት ለፊት አልሰደባቸውም፤ አብረዋቸው ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ። ግን ትራክተር ያስነሡልን ብሎ የጠራቸው የለም። በየዓመቱ በታደሰ መታሰቢያ ቀን ከቀፏቸው ማር ቆርጠው ለእትዬ አስቴር ይወስዳሉ። ትቀበላቸዋለች፣ ዕቃውን አጥባ ትመልሳለች፤ ደጃፉን ግን አላለፉትም። የሰፈር ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ «ያ ነገር» የምትባል ቃል አለች። እኔ እሷን በሰማሁ ቁጥር ወሬ እቀይር ነበር።

እንቁጣጣሽና መስቀል ሲደርስ ስኳር ይዤ ማንኪራ እሄዳለሁ። ሁልጊዜ ቀድመው የሚሉኝ «ደምሴ፣ ፒን ይዘህ መጣህ?» ነው። ቀፎዎቻቸውን ያሳዩኛል፣ ከቡናቸው ሥር እንቀመጣለን። በመጣሁ ቁጥር ለቤተሰቡ እነግራለሁ ብዬ አስቤ፣ በሄድኩ ቁጥር ሳልናገር ተመልሻለሁ። ፈሪ ሰው ቀጠሮ አያጣም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከመሞታቸው ወር ቀደም ብሎ ነው። አልጋ ላይ ነበሩ። ጥፍራቸው ሁሉ ተቆርጧል፤ ያቺ አውራ ጣት ጭምር። ፀሐይ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ አንገታቸውን ወደ እኔ ዘንበል አደረጉ።

«ቆይተው ይተዉታል ብዬህ ነበር» አሉ። «አልተዉትም። እዚያ ላይ ተሳሳትኩ።»

ንገራቸው አላሉኝም። አትንገራቸውም አላሉኝም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ለቀብሩ ሁለት ወረቀት ጻፍኩ። አንዱ ላይ እውነቱ አለ፤ ሌላው ላይ «በገዛ ፈቃዳቸው ሥራቸውን ለቀው ወደ ንብ ማነብ ተመለሱ» ይላል። ሁለቱንም አጥፌ በኮቴ ኪስ ከተትኩ፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። ባጃጁ መንገዱ እስከ ፈቀደለት ወሰደኝ፤ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሞልቷል። ስሜ ሲጠራ ወጥቼ ቆምኩ። ከፊት ረድፍ እትዬ አስቴር ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቆማለች። እጄ ሳላዘው ወደ ግራ ኪሴ ሄደ።

በገዛ ፈቃዳቸው የሚለውን አነበብኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

አፈር ከለበሱ በኋላ ሰው ተሰልፎ ቤተሰቡን እግዜር ያጥናችሁ ይል ጀመር። እኔ ከፀሐይ አጠገብ ቆሜ ነበር። እትዬ አስቴር ተራዋ ሲደርስ የፀሐይን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«አባትሽ ደግ ሰው ነበሩ» አለቻት። «ያ አንድ ነገር ባይኖርባቸው።»

ፀሐይ አንገቷን ደፍታ «አዎ እትዬ» አለች። አልተቆጣችም፣ አልገረማትም። ሲሏት የኖረ ነገር ነው። ልጅነቷን ሙሉ፣ ትምህርት ቤትም፣ ገበያም፣ እንዲሁ አንገቷን እየደፋች «አዎ» ስትል እንደኖረች ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ጥፋቴን የተሸከሙት ጋሽ ወልዴ ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

«እትዬ አስቴር» አልኩ።

ዞረች።

«ያ ነገር የእሳቸው አልነበረም። የፒኑን ምልክት ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንድ ላይ የቀላቀልኳቸውም፣ ለሙሉጌታ አውጥቼ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። እሳቸው እዚህ ማንኪራ ለቅሶ ላይ ነበሩ። ለእኔ ብለው ነው እኔ ነኝ ያሉት።»

ከኋላ ያለው ሰልፍ ቆመ። ፀሐይ አየችኝ፤ ያን አስተያየት ልጽፈው አልችልም። እትዬ አስቴር አልጮኸችም። የፀሐይን እጅ እንደያዘች ወደ መቃብሩ ዞረች።

«ጭቃ ላይ ተንበርክከው ነበር» አለች። «ከጧት እስከ ቀትር። በመስኮት አያቸው ነበር። ዝናቡ ይጥልባቸው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አንተስ ያን ጊዜ የት ነበርክ?»

«አጥሩ ጋ ነበርኩ» አልኳት። «ጃንጥላ ይዤ።»